የዩኒቨርስቲያችን የጉዞ ካርድ፦ ስድስት አመት ካስተዳደርኩት በኋላ የምሰጠው ኮከብ

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ካርዱን ኪሱ ይዞ የሚዞረው ሰውና እኔ ስለ አንድ ካርድ ብናወራም የምናወራው ስለተለያየ ነገር ነው። የምሰራው የመንግስት ዩኒቨርስቲ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ነው፣ ስራዬ ሰራተኞች ለስራ ጉዞ የሚይዙትን ቻርጅ ካርድ ማስተዳደር ነው። ማመልከቻ እቀበላለሁ፣ ሊሚት (አንድ ካርድ ላይ ማውጣት የሚቻለውን ጣሪያ) እወስናለሁ፣ ካርዱ እምቢ ሲላቸው ስልክ አነሳለሁ፣ ሪሲት ያላመጣውን እለምናለሁ፣ ስራ የለቀቀውን ሰው ካርድ እዘጋለሁ። ስድስት አመት ሆኖኛል። የባንኩንም የዩኒቨርስቲውንም ስም አልጠራም። ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ካርድ ሊያስጀምሩ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ለምትቸኩሉ፦ ካርዱ ራሱ ጥሩ ነው፣ ፖርታሉ (ካርዶቹን የምቆጣጠርበት የባንኩ ድረገጽ) ደህና ነው፣ እኔን እስከዛሬ የሚያቃጥለኝ ግን ካርዱም ፖርታሉም ሳይሆን ውሉ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፣ እዳው የማን ነው የምትለዋ። እመጣባታለሁ።

ከካርዱ በፊት የነበረውን የማታስታውሱ ካላችሁ እንዲህ ነበር። ሰው ስብሰባ ሊሄድ ሲል ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል፣ ፊርማ ሲለቅም ሳምንት ያልፋል፣ ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ከዛ ማወራረድ የሚባል ነገር ይመጣል፣ እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይጠፋል። ሪሲቱ ሱሪ ኪስ ውስጥ አብሮ ታጥቦ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይመጣል፣ የተረፈው ገንዘብ "ነገ አመጣዋለሁ" ይባላል፣ ኦዲተር በመጣ ቁጥር ያልተወራረደ ሂሳብ የሚል ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል፣ እዛ ዝርዝር ውስጥ ጡረታ ወጥቶ የእርሻ ስራ የጀመረ ሰው ስም ሳይቀር ነበረበት። ካርዱ ይሄን ጣጣ ገላግሎናል፣ ሌላው ቢቀር ለዚህ ብቻ ይመሰገናል። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት እንዳወጣ በማግስቱ ስክሪን ላይ ይታየኛል፣ የማንንም ኪስ መፈተሽ አይጠበቅብኝም።

ቻርጅ ካርድን ከክሬዲት ካርድ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው፣ የዲን ቢሮ ሰዎች እንኳን ያምታቱታል። ክሬዲት ካርድ ላይ ትንሽ ከፍለህ ቀሪውን ከነወለዱ ለሚቀጥለው ወር ታሻግራለህ፣ ቻርጅ ካርድ ላይ ወሩ ሲዘጋ ሙሉውን መክፈል ነው፣ በቃ። ነገሩ የትላንት አይደለም፣ በ1950 እኤአ የወጣው ዳይነርስ ክለብ እንዲህ ነበር የሚሰራው፣ በ1958 የመጣው የአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድም ሲጀምር እንደዛው። ለመንግስት ተቋም ይሄ ይመቻል፣ የህዝብ ገንዘብ ወለድ ሲከፈልበት አይቶ ዝም የሚል ኦዲተር የለማ። ጉዱ ያለው ወሩ ሲዘጋ ከፋዩ ማነው የሚለው ላይ ነው፣ እሱን ቆዩት።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ካርድ የሚቀበል ማንኛውም ነጋዴ የስራውን አይነት የሚናገር ባለ አራት አሃዝ ኮድ አለው፣ ኤምሲሲ ይባላል። ሆቴል 7011 ነው፣ ታክሲ 4121፣ ምግብ ቤት 5812፣ መጠጥ ቤት 5813፣ ኤቲኤም 6011፣ ቁማር 7995። ትላልቅ አየር መንገዶችና ሆቴሎች ደግሞ ከ3000 ጀምሮ ባለው ረድፍ ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። እኔ ፖርታሉ ላይ ገብቼ ይሄ ክፍት ይሁን ያ ዝግ ይሁን እያልኩ እመርጣለሁ፣ ሰውየው ቁማር ቤት ገብቶ ካርዱን ቢመዝ እኔ ተኝቼም ቢሆን ማሽኑ እዛው ይመልስልኛል። መጀመሪያ ሳየው እንደ ተአምር ነበር የቆጠርኩት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹን አለም ዘጋሁት።

ከዛ አንድ ማታ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ደወለችልኝ። የኮንፈረንስ ምዝገባ ልትከፍል ሶስቴ ሞክራ ሶስቴም እምቢ ብሏታል፣ የቅናሽ ምዝገባው በዛው ሌሊት ይዘጋል። "ሊሚቴ አልሞላም፣ አይቼዋለሁ፣ እባክሽ እህቴ" ትለኛለች ድምጿ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ላፕቶፔን ከፍቼ ሳይ እውነቷን ነው፣ ሊሚቷ አልተነካም፣ የተከለከለበት ምክንያት ላይ 7922 ይላል። 7922 ማለት የቲያትር አዘጋጅና ትኬት ሻጭ ነው። ለካ የኮንፈረንሱ ሰዎች ምዝገባውን የሚሰበስቡት በትኬት ሽያጭ ድርጅት በኩል ነው፣ እኔ ደግሞ መዝናኛ ነው ብዬ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼዋለሁ። በካርዱ አይን ሴትዮዋ የአመታት ጥናቷን ልታቀርብ ሳይሆን ቲያትር ልታይ ነው። ለአንድ ቀን ከፈትኩላት፣ አለፈ፣ "ተባረኪ" ብላ ዘጋችው።

ያኔ የገባኝ ነገር፣ ኮዱን የሚሰጠው የነጋዴው ባንክ ነው፣ የሚሰጠውም ነጋዴው ሂሳብ ሲከፍት ነው፣ ላንተ ዛሬ የሚሸጥልህን ነገር አያውቅም። መጽሀፍ መደብር ያለው ሙዚየም ሌላ ኮድ ይኖረዋል፣ የዩኒቨርስቲ እንግዳ ማረፊያ እንደ ትምህርት ተቋም ተመዝግቦ ታገኘዋለህ። በተቃራኒው ደግሞ ሆቴል ውስጥ ያለ ባር አለ፣ እንግዳው የጠጣውን ሁሉ "ክፍሌ ላይ ጻፈው" ካለ ወደኔ የሚመጣው 7011 የሚል አንድ ድፍን ቁጥር ነው፣ አምስት ሌሊት አደረ ወይስ ሶስት ሌሊት አድሮ ሁለት ሌሊት ጠጣ ከስቴትመንቱ (ባንኩ በየወሩ ከሚልከው የሂሳብ ዝርዝር) ምንም አይታወቅም። ለዚህ ነው ከሆቴል የካርድ ስሊፕ ብቻ ይዘው ሲመጡ የምመልሳቸው፣ የየቀኑን ዝርዝር የያዘውን የሆቴል ቢል ነው የምፈልገው፣ ስትወጡ እንግዳ መቀበያው ጋር ጠይቁ፣ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ከተመለሳችሁ በኋላ በኢሜይል ማስመጣት ግን ጸሎት ይፈልጋል። አሁን እኔ ግልጽ የሆኑትን ብቻ ዘግቼ (ቁማር፣ ጌጣጌጥ፣ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት) ሌላውን ክፍት ትቼ ወር በገባ ቁጥር በአይኔ አየዋለሁ። ሌባ አገኝ እንደሆነ እዛ ነው የማገኘው፣ እስካሁን ብዙ አላገኘሁም፣ ይልቅ የግል ካርዱና የስራ ካርዱ ተመሳሳይ ቀለም ስለሆነበት ተሳስቶ ያስነካ ሰው ነው የሚበዛው። ባንኩን ስንት ጊዜ ቀለሙን ቀይሩልን አልናቸው፣ እምቢ።

ሁለተኛው የሌሊት ስልክ አይነት ሆልድ ነው። ሆቴል ስትገባ ገና ሳትተኛ የሁሉንም ሌሊት ዋጋ፣ አንዳንዴም ለመጠባበቂያ ጨምሮ ካርድህ ላይ ይይዛል፣ አልከፈልክም ግን ከሊሚትህ ላይ ተቀንሷል። መኪና የሚያከራዩትም እንደዛው። ሰውየው ሆቴል ገባ፣ መኪና ያዘ፣ በነጋታው ምሳ ሊከፍል ሲል እምቢ አለው፣ ሰው ፊት ያፈረው እፍረት እኔ ላይ ይወርዳል። መፍትሄው የአየር ትኬቱን ከግለሰቡ ካርድ ላይ ማውጣት ነበር። አሁን ትኬት የሚቆረጠው ፕላስቲክ በሌለው አንድ ማእከላዊ ሂሳብ ላይ ነው፣ የጉዞ ወኪሉ ጋር ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው፣ የሰዎቹ ሊሚት ለማደሪያና ለመንቀሳቀሻ ይቀርላቸዋል። ይሄን ካደረግን በኋላ የሌሊት ስልኬ በግማሽ ቀንሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም፣ ቢያንስ ባለቤቴ እንደዛ ትላለች። (አዎ ባለቤቴ፣ መምህርቷ እህቴ ያለችኝ በጭንቀት ነው፣ ስሜም ለሁለቱም ጾታ ይሆናል፣ ድምጼም ቀጭን ነው፣ እርማት ለመስጠት ጊዜው አልነበረም።)

እሺ አሁን እዳው።

መጀመሪያ የፈረምነው ውል የግል ተጠያቂነት የሚባለው ነው። ካርዱ ላይ የዩኒቨርስቲው አርማ አለ፣ ከስር የሰራተኛው ስም አለ፣ ስቴትመንቱ የሚሄደው ለሰራተኛው ነው፣ ሰራተኛው ለባንኩ ይከፍላል፣ እኛ ደግሞ ሪሲት አያይዞ የሚያስገባው የወጪ ሪፖርት ሲጸድቅ ለሰራተኛው እንመልሳለን። ወረቀት ላይ ሲታይ ቆንጆ ነው። አለቆች ይወዱታል፣ ተቋሙ አደጋ የለበትም፣ ሰው በገዛ ስሙ ስለሆነ ይጠነቀቃል ይባላል። እኔም ተከራክሬ አስፈርሜያለሁ፣ አልዋሽም።

የሚቀጥለውን ታሪክ የምጽፈው ባለታሪኩን አስፈቅጄ ነው። የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነው፣ ተማሪዎች ይዞ አስራ አንድ ቀን መስክ ወጣ፣ ማደሪያውንም ነዳጁንም በካርዱ ከፈለ፣ በተመለሰ በሶስተኛው ቀን ሪፖርቱን አስገባ፣ ሪሲቶቹ በቀን በቀን ተስተካክለው በስቴፕለር የተያዙ፣ እንደዛ አይነት ንጹህ ሪፖርት በአመት አንዴ ነው የማየው። የዲፓርትመንቱ ሃላፊ ጉዞ ላይ ነበር። ሲመለስ አየውና የበጀት ኮዱ ያምና ነው ብሎ መለሰው። ተስተካክሎ ሲሄድ ሃላፊውን ወክላ የምታጸድቀው ሰው እረፍት ወጥታለች። ከዛ እኛ ጋር ደረሰና እኛም የሩብ አመት መዝጊያ ላይ ነን ብለን አስቀመጥነው፣ እኛም ማለቴ እኔም። ባንክ ግን ሰው አይጠብቅም፣ ወሩ ተዘጋ፣ መክፈያው ቀን አለፈ፣ ቅጣት መጣ፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ካርዱ ታገደ።

አንድ ጠዋት ቢሮዬ ገባ፣ አልተቀመጠም፣ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ "እስቲ አንብበው" አለኝ። ከባንኩ የመጣ መልእክት ነው፣ ካልከፈሉ ለእዳ ሰብሳቢ እናስተላልፋለን ይላል፣ ሙሉ ስሙ አለበት። "መጀመሪያ ያየችው ባለቤቴ ናት" አለኝ፣ "ምንድን ነው የተበደርከው አለችኝ፣ ምንም ስላት አላመነችኝም።" ምን ልበለው። ከዛ በኋላ ያለኝ ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው፣ ሳይቆጣ ነው ያለው፣ "ወንድሜ፣ ይሄን ገንዘብ እኔ ነኝ የበላሁት?"

ለልጁ ትምህርት ካስቀመጠው ላይ ከፈለ። እኛ የመለስንለት ከዛ በኋላ ነው፣ ቅጣቱን ግን አልመለስንለትም፣ መመሪያው ቅጣት አይተካም ይላላ። ያጓተተው ሃላፊ፣ ያጓተትኩት እኔ፣ ከኪሳችን አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። የግል ተጠያቂነት ያስጠነቅቃል የሚለው እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው፣ የሚጠነቀቀው የማያጓትተው ሰው ነው፣ የሚያጓትተው ሰው ስም ስቴትመንቱ ላይ የለም። ደግሞ ማንን እንደሚጎዳ እዩ፣ ፕሮፌሰሩ ከኪሱ ከፍሎ መጠበቅ ይችላል፣ ቴክኒሻኑ፣ ሹፌሩ፣ አዲስ የተቀጠረችው ረዳት መምህርት አይችሉም። ካርድ አልፈልግም ብለው መልሰው ቅድመ ክፍያ የሚጠይቁ ሰዎች መብዛት የጀመሩት ያኔ ነው፣ ለዚህ ነው እንግዲህ ካርድ ያመጣነው።

ውሉ ሲታደስ ወደ ተቋም ተጠያቂነት ቀየርነው። ባንኩ በወር አንድ ድፍን ሂሳብ ለዩኒቨርስቲው ይልካል፣ እኛ ሪፖርት ጸደቀም አልጸደቀም በቀኑ እንከፍላለን፣ ሰራተኛው ጋር የሚደርስ የእዳ ደብዳቤ የለም። ሰላም ሆነ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሪፖርት የሚያመጣ ሰው ጠፋ! ገንዘቡ ተከፍሏላ፣ ማን ይቸኩላል፣ በሶስት ወር ውስጥ የየትኛው በጀት እንደሆነ ያልታወቀ፣ ከፍለነው ተንጠልጥሎ የቀረ ሂሳብ ተከመረብኝ፣ ኦዲተሩ ያንኑ የድሮውን ዝርዝር በአዲስ ስም ይዞልኝ መጣ። ኢሜይል ላክሁ፣ ማስታወሻ ላክሁ፣ ትሬኒንግ ሰጠሁ፣ ትሬኒንጉ ላይ ሻይ ሲጠጡ አመሰገኑኝና ሄዱ።

በኋላ የሰራው ነገር ይሄ ነው፣ ወጪው በሰላሳ ቀን ውስጥ ካልተወራረደ ፕሮጀክቱም ግራንቱም (የምርምር ድጋፍ ገንዘቡም) ሳይጠየቅ በቀጥታ ከዲፓርትመንቱ ዋና በጀት ላይ ይቆረጣል። ካርድ ማገድም አለ፣ ግን ካርድ ሲታገድ የሚጮኸው ተጓዡ ነው፣ በጀት ሲቆረጥ የሚጮኸው ሃላፊው ነው፣ ማጽደቂያውን የያዘው ደግሞ እሱ ነው። መጀመሪያ የቆረጥንበት ሃላፊ በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ "ይሄ ምንድን ነው የምታደርጉት" አለኝ፣ ሲስተሙን ከፍቼ አራት ሪፖርት ለአርባ ቀን እሱ ጋር እንደተቀመጠ አሳየሁት፣ እዛው ቆሞ በስልኩ አጸደቃቸው። አራቱንም። አርባ ቀን የፈጀው ነገር ሶስት ደቂቃ አልፈጀም።

ለግል ነገር የተጠቀመ ሰው ካለ ካርዱን ሲወስድ ከደሞዜ ይቆረጥ ብሎ የሚፈርማት ወረቀት አለች፣ እሷን ሳታስፈርሙ ካርድ እንዳትሰጡ፣ በኋላ ብትለምኑት አይፈርምም። በነገራችን ላይ የህግ ክፍላችሁ ወረቀቷን ይያት፣ ደሞዝ መቁረጥ በየቦታው ገደብ አለው።

ውጭ አገር ለሚሄዱ አንድ ነገር፦ ማሽኑ በአገርህ ገንዘብ ይሁን ወይስ በዚህ አገር ብሎ ሲጠይቃችሁ ሁልጊዜ በዛው አገር ገንዘብ በሉ። የአገርህን ከመረጥክ ምንዛሬውን የሚያወጣው የነጋዴው ማሽን ነው፣ ትርፉን ጨምሮ ነው የሚያወጣው፣ ካርዱ ደግሞ የውጭ ግብይት ክፍያውን አይተውም፣ ሁለቴ ትላጣለህ። ይሄን በየጉዞው ፈቃድ ወረቀት ግርጌ በደማቁ ጽፌዋለሁ፣ አሁንም በወር አንድ ሁለት ሰው ይላጣል።

ስለ ፖርታሉ ብዙ አልልም። ሊሚት ከፍ ዝቅ ማድረግ በደቂቃ ነው፣ ሪሲት በስልክ ፎቶ ማንሳት ይሰራል፣ የቴርማል ወረቀት ሪሲት ግን መኪና ውስጥ ከቆየ ጽሁፉ ስለሚጠፋ እዛው ቆማችሁ አንሱት። ሪፖርት ወደ ኤክሴል ሲወጣ ቀኖቹ ይገለባበጣሉ፣ ስድስት አመት ሙሉ ነግሬያቸው ስድስት አመት ሙሉ "ለቴክኒክ ክፍል አስተላልፈናል" ብለውኛል።

የማይነገረው ትልቁ ቀዳዳ የተሰረዘ ጉዞ ነው። በ2020 እኤአ በኮሮና ምክንያት በረራው ሁሉ ሲቆም ብዙ አየር መንገዶች ገንዘብ ከመመለስ ይልቅ ቫውቸር (ለሌላ ጊዜ በረራ የሚያገለግል ወረቀት) ይሰጡ ነበር፣ ቫውቸሩ የሚወጣው በተጓዡ ስም ነው። እኔ ስራውን ስረከብ ከሱ የተረፈ ፋይል ነበር የወረስኩት። የከፈለው ዩኒቨርስቲው ነው፣ የያዘው ግለሰቡ ነው፣ ካርዱ ላይ ምንም ምልክት የለም፣ ሰውየው ስራ ቢለቅ ይዞት ይሄዳል፣ ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፣ ረስቶት ነው። አሁን የተሰረዘ ትኬት ሁሉ የሚጻፍበት አንድ ሺት አለኝ፣ ማብቂያ ቀኑ ሲቃረብ ቀይ ይሆናል። ባንኩ ይሄን አይሰራላችሁም፣ የጉዞ ወኪሉም ካልጠየቃችሁት አይሰራላችሁም።

ስለዚህ ኮከብ፦ ካርዱ አራት። ፖርታሉ ሶስት። የግል ተጠያቂነት ውል አንድ፣ እሱንም የሰጠሁት ዜሮ መስጠት ስለማይቻል ነው። የተቋም ተጠያቂነት አራት፣ ግን የሰላሳ ቀኗን ቆራጭ አብራችሁ ካላመጣችሁ ሁለት ይሆናል። የባንኩ ስልክ አገልግሎት ሁለት፣ ያነሳሉ፣ ያነሳው ሰው ትህትናው ሌላ ነው፣ ማድረግ የሚችለው ነገር ግን የለም። አሁን ራሱ አንዲት የለቀቀች ሰራተኛ ካርድ ከተዘጋ በኋላ ሆቴሉ የመለሰው ገንዘብ የተዘጋው ካርድ ላይ ገብቶ ስምንት ወር ተቀምጧል፣ አራቴ ደውያለሁ፣ አራቴም ገንዘቡ እንዳለ አረጋግጠውልኛል። ሀሙስ ደግሞ እደውላለሁ።